ባለድርሻ አካላቱ የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው

ውጭ አገር እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሲቪ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ካላነበባችሁ ብዙ ሳቅ አምልጧችኋል። ሰውየው የሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ሰሌዳ ፊት ቆሞ እርሳስ እያነሳ «ይህ እርሳስ ነው» ሲል ከርሟል። ሲቪው ላይ ሲሰፍር ግን «በባህለ ብዙ የሥራ አካባቢ ስትራቴጂያዊ የተግባቦት ሥልጠና ሰጥቷል» ይሆናል። በላጲስ የተጣሉ ልጆች ገላግሏል? «የግጭት አፈታት»። ለአንዲት እናት ልጇ ጎበዝ እንደሆነ በምልክት አስረድቷል? «የባለድርሻ አካላት አያያዝ»። ኳስ እየወረወረ ቃላት አስጠንቷል? ይሄማ «ፈጠራ የታከለበት አመራር» ነው።

የምስቀው ሥራውን ንቄ እንዳይመስላችሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የምር የሚያስፈልግ ሙያ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ እሱን ደብቀው ጌጣጌጡን ይጽፋሉ።

በእርግጥ የሥራው መግቢያ በር ራሱ ለቁም ነገር አይመችም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችው ጄት የሚባል ፕሮግራም አለ። ከውጭ ወጣቶችን አምጥቶ በየትምህርት ቤቱ ረዳት የቋንቋ መምህር ያደርጋል። ዲግሪ ይጠይቃል፤ በምን እንደሆነ ግን ብዙም ግድ የለውም። ስለ ድንጋይ አጠናህ፣ ስለ ዓሣ አጠናህ፣ ያው ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ኢ-2 የሚባለውን የመምህርነት ቪዛ በዋናነት የምትሰጠው ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ፓስፖርትህ ሌላ ከሆነ መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር በቃልህ ብትወጣውም ወረፋው ያንተ አይደለም። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ብቃት ወላጅን አጥርቶ መምረጥ ነው። ይህን ሲቪው ላይ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በቀደም የአንድ ወዳጄን ሲቪ አብረን ስንከልስ ነበር። ወላጅ አመራረጥ ላይ ተሳክቶለታል፤ የካናዳ ፓስፖርት አለው። ኮሪያ ሄዶ ሀግዎን በሚባለው፣ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በኋላ በሚማሩበት የግል ማስጠኛ ውስጥ ሠርቷል።

«እዚህ ጋ ‹ጫና ውስጥ የመሥራት ልምድ› ያልከው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ክፍል ልገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ አለቃዬ መጥቶ መጽሐፉ ተቀይሯል ይለኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገብቼ አስተምራለሁ! ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?»

«ታዲያ እሱን ጻፋ!»

«አንተ ደግሞ! ሰው ይስቅብኛል።»

ይሄውላችሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አርባ ደቂቃ የሚሞላ ነገር ከባዶ የሚፈጥር ሰው ያፍራል። «ስትራቴጂያዊ» ብሎ ለመጻፍ ግን አያፍርም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሙያቸው አንዲት ጥያቄ አለመጠየቅ ነው። ሴልታ የሚባለው የመምህርነት ኮርስ ቢያንስ 120 ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ 6 ሰዓቱን እጩው እውነተኛ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፍበታል። እንዲህ ባለው ሥልጠና ላይ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ነው የሚታየው። ምክንያቱም «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በሙሉ «አዎ!» ይላል። የገባውም፣ ያልገባውም፣ መስኮት መስኮቱን ሲያይ የነበረውም። ስለዚህ መምህሩ ዞር ብሎ እንዲህ ይጠይቃል፦ ሥራውን ብቻችሁን ነው ወይስ ሁለት ሁለት ሆናችሁ? ትጽፋላችሁ ወይስ ትናገራላችሁ? መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ ሲመጣ ማን እንደገባው፣ ማን እንዳስመሰለ ወዲያው ይለያል።

አሁን ይህን ይዛችሁ ወደ ቢሮ ኑ። አለቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራል። መጨረሻ ላይ «ግልጽ ነው?» ይላል። ጭንቅላት ሁሉ ይነቀነቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራት ሰው አራት የተለያየ ሥራ ሠርቶ ይመጣል። ከዚያ ችግሩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል። የኮሚቴው ሰብሳቢም መመሪያ ሰጥቶ ሲጨርስ «ግልጽ ነው?» ይላል።

ሁለተኛው ሙያ ዝም ማለት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክተው ነበር። አንድ ሰከንድ ገደማ! ከዚያ ወይ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሰው ፊት ቆማችሁ ሞክሩት እስቲ። ላብ ያመጣል።

ወዳጄ ይህን ሙያ ያዋለው ደመወዝ ድርድር ላይ ነው። የሚፈልገውን ቁጥር ተናገረ። ከዚያ ዝም። ቀጣሪው ሳል አለ። ወዳጄ ዝም። ቀጣሪው ብዕሩን አነሳ፣ አስቀመጠ። በሁለተኛ ቋንቋ ግስ እስኪያገኝ የሚያምጥ ልጅ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ መዝናኛ ነው። ቀጣሪው ራሱ ማብራራት ጀመረ፤ ሲያብራራ ሲያብራራ ወዳጄ ካለው ቁጥር አጠገብ ደረሰ።

እርግጥ ሙያ ብቻ አይደለም፣ አመልም ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ከአዋቂ ጋር ሲያወሩ በእጃቸው ይተውናሉ። «ነገ» ለማለት አየር ላይ ክብ ይሠራሉ። ወዳጄ አዲሱ ቢሮ ገብቶ የባልደረባውን ሪፖርት ካየ በኋላ ጥግ ላይ የምትስቅ ኮከብ ለጥፎበታል አሉ። ባልደረባው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ግን ሪፖርቱን ፋይል ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው በሚያይበት በኩል አስቀመጠው።

ስለ ሥራ ዋስትና ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የቻይና መንግሥት በማስጠኛ ድርጅቶች ላይ አዲስ ደንብ አወጣ። ውጭ አገር የተቀመጡ የውጭ መምህራንን ቀጥሮ ማስተማርም ተከለከለ። ስንቱ ከሳሎኑ ሆኖ በኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ሥራው ከእጁ ወጣ። ይህ ሲቪ ላይ «ለውጥን በፍጥነት የመላመድ ብቃት» ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ሌላ ሙያ አለ፣ ማንም የማይጽፈው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተቀጠሩት መምህራን ተማሪው እረፍት ወጥቶ እንኳ ውሉ ስለሚያስገድዳቸው ቢሮ ገብተው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። ተማሪ የለም፣ ትምህርት የለም። ጠዋት ይገባሉ፣ ማታ ይወጣሉ። እርስ በርሳቸው «ዴስክ ዋርሚንግ» ይሉታል፤ በእኛው አባባል ወንበር ማሞቅ። ሰውየው ፊቱን አኮሳትሮ፣ ወረቀት ደርድሮ፣ ኪቦርድ እየነካካ ስምንት ሰዓት ምንም ሳይሠራ ሥራ የበዛበት መምሰል ይማራል። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ የበለጠ ዝግጁ የሆነ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን የጻፈውን ያለ ፈተና አሳልፈዋለሁ።

ወዳጄ አልጻፈውም። «ስትራቴጂያዊ»ውን ግን አላስነካም አለ። ሥራውንም አገኘ። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። አለቃው ስለ መጪው ዓመት ዕቅድ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ቅንጅት፣ ትራንስፎርሜሽን፣ ሁለንተናዊ፣ ሁሉም ነበረበት። ሲጨርሱ «ጥያቄ አለ?» አሉ። ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ወዳጄ እጁን አወጣ።

«ጥሩ ነው ጌታዬ። መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?»

አለቃው አዩት። ወዳጄ በልቡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠረ። አራትም ጨመረ። አለቃው ወረቀታቸውን ገለበጡ፣ ጀርባውንም አዩ።

«እሱን» አሉ በመጨረሻ፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።»