ደረቀ እንዴ?

ትላንት ከሰዓት አከራዬ የውሃ ቢል ሊጠይቁኝ ገቡ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ብርዱ የሚባለውን ሁሉ አልን፣ ከዛ ዓይናቸው መስኮቱ ስር ያለችው ቮልሴ ላይ አረፈ። ዓይናቸው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አውራ ጣታቸው ተከትሎ ሄደና ኮፈኗ ላይ አረፈ፣ "ደረቀ እንዴ?" አሉኝ። ልብ በሉልኝ፣ መጀመሪያ የመጣው ጣቱ ነው፣ ጥያቄው ከኋላ ነው የደረሰው።

"ኧረ ጋሼ እርጥብ ነው!"

"አዎ፣ ገና ነው" አሉኝ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እያዩ፣ ልክ እንደ ሐኪም። ከዛ ጣታቸው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ስለ ውሃው ቢል ቀጠሉ።

ቮልሷ የምትነዳ አይደለችም፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ያመጣችልኝ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ናት፣ 1 ለ 24 የምትባለዋ፣ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ የምታጥረው። እውነተኛዋ ቮልስ 4 ሜትር ከምናምን ናት፣ የኔዋ 17 ሳንቲም። እና ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ ሰው ሲናደድ ሂሳብ ይወዳል። የአከራዬ ጣት አሻራ 1 ሳንቲም ተኩል ይሰፋል፣ በ24 ሲባዛ 36 ሳንቲም። ማለትም እውነተኛ መኪና ቢሆን ኖሮ አውራ ጣቱ 36 ሳንቲም የሚሰፋ ሰው ኮፈኑ ላይ ተደግፎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን ደብረ ብርሃን መንዝም የለም።

ግን እኛ ምን ሆነን ነው በዓይናችን የማናምነው? ዳቦ ቤት ስንገባ ዳቦውን ሳንጫን አንገዛም፣ ቲማቲሙን እንጨምቃለን፣ የሰው ልጅ ጉንጭ ሳንቆነጥጥ አናልፍም፣ አጥር ላይ "ቀለም ነው አትንኩ" የሚል ወረቀት ከተለጠፈማ ወረቀቱ ራሱ ግብዣ ነው። ቶማስ እንኳን ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ትልቅ ጉዳይ ይዞ ነው፣ የትንሳኤን ያህል ነገር፣ የቮልስ ኮፈን አይደለም። ደሞ በዚህ ከተማ! አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ከተማዋን ደብረ ብርሃን ያሏት። አዩ፣ አመኑ፣ በቃ። ልንካው አላሉም።

እና ደሞ ሰው ቀለም መንፋት ቀላል ይመስለዋል፣ የሚረጨውን የቀለም ቆርቆሮ አናቱን ጫን ማድረግ ነዋ። እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ ፕላስቲኩን ሳላጥብ ቀባሁት፣ ለካ ፋብሪካው ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚጠቀመው ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል፣ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ካልታጠበ ቀለሙ አልይዝም ይላል። እሱን አጥቤ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት ከስር የሚቀባውን፣ ነፍቼ ስመለስ ደግሞ ብርዱ ጠበቀኝ። እዚህ 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውርጭ ነው፣ ቆርቆሮውም እንደኛ ይበርደዋል፣ ጋዙ አቅም ያጣል፣ ቀለሙ ይወፍራል፣ ከዛ መንፋቱን ትቶ ይተፋል። የተተፋው ሲደርቅ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚመስለው። መላው ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ነው። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ከሰል ላይ የምትጥዱ ካላችሁ እኔ የለሁበትም፣ ይፈነዳል። ክረምት ላይማ ጭራሽ አትሞክሩት፣ ጉሙ ቤት ውስጥ በገባበት ሰዓት ከነፋችሁ ቲነሩ ሲተን ገላውን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ እላዩ ላይ ጤዛ ይሆንና ሰማያዊው አመድ የነፉበት ይመስላል።

አንዴማ ብርዱ ሲመረኝ ቮልሷን በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ስናልፍ አጠገቤ ያሉት እናት "ምንድነው የያዝከው?" አሉኝ፣ መኪና አልኳቸው፣ ካርቶኑን አይተው እኔን አይተው ዝም አሉ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ጉድ፣ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ አቧራ ነው የሚያርፈው፣ ስዳብሰው ብርጭቆ ወረቀት። የ95 ኪሎ ሜትር ትራንስፖርት ከፍዬ።

በመጨረሻ ያዳነኝ ተረት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይሄን ተረት በጣም ነው የምወደው፣ ግን ሰው ያበላሸዋል፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄደህ ነገ ና የሚልህ ሁሉ ነው የሚተርትብህ። እንቁላሉ ግን ሰነፍ አይደለም! 21 ቀን ነው የሚፈጅበት፣ 21 ቀን ሙሉ ደግሞ ውስጥ ስራ ላይ ነው። ቀለምም እንደዛ ነው። መጀመሪያ ከ20 ሳንቲም ገደማ ርቀት ስስ ጉም የመሰለች ብቻ ማልበስ፣ ፕራይመሩ ከስር እየታየ መተው፣ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ መድገም፣ መጠበቅ፣ የመጨረሻዋን ብቻ እርጥብ እርጥብ ማድረግ። እጅ ደግሞ መቆም የለበትም፣ ከመኪናዋ ውጪ ጀምሮ ከመኪናዋ ውጪ መጨረስ ነው። ሸካራ ካለ ቁጥር 1500 እና 2000 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ነክሮ ማሸት፣ ከዛ ፖሊሽ። የኔ ደግሞ ኢናሜል የሚባለው የቀለም ዓይነት ነው፣ ላዩ በአንድ ቀን የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል። ቮልሴ ከጫጩት የበለጠ ምን ጠየቀች?

ይሄ የመንካት ነገር እኔ ላይ የቆየ ቁስል አለው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ለእጅ ስራ ከሰርዲን ቆርቆሮ መኪና ሰርቼ፣ ጎማዋን ከጫማ ቀለም ክዳን አድርጌ፣ ቀይ ቀብቼ ይዤ ሄድኩ። መምህሩ ተቀበሉኝ፣ ጣሪያዋን በአመልካች ጣታቸው ተጫኑት፣ ጣታቸውን አዩ፣ ከዛ በቀይ እስክሪብቶ "ቀለሙ አልደረቀም" ብለው ከአስር ስድስት ሰጡኝ። እኔ እኮ ይደርቅ ነበር! አንድ ቀን ቢተዉት ይደርቅ ነበር! አጠገቤ የነበረው ልጅ አባቱ የሰሩለትን ሳጥን አምጥቶ ዘጠኝ አገኘ፣ ያውም ቀለም የሚባል ያልነካው ሳጥን። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ ቀይ እስክሪብቶ ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

እና ምን እያልኩ ነበር፣ አዎ፣ ኮፈኑ። አሸሁት፣ ደግሜ ነፋሁት፣ ከበርኖሱ የሚበነው ሱፍ እንዳያርፍበት ብዬ ሳፋ ደፋሁበት። ዛሬ ጠዋት አከራዬ መጡ፣ ሳፋውን አዩ፣ እጃቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ምንድነው የደፋህበት?"

"እንቁላል ነው ጋሼ። አስታቅፌ ነው።"

እጃቸውን ሰበሰቡ። "አይ እንግዲያ አይነካም፣ ይገማል" ብለው በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ፣ በሩን እንኳን በቀስታ ነው የዘጉት።

አሁን ሚስታቸው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። "የኔ ልጅ፣ ዶሮዋ ድምጿ አይሰማም፣ ለመሆኑ ስንት አስታቀፍካት?"

"አስራ ሰባት" አልኳቸው።