ለጎልማሳው አንባቢ 15 ወንበር

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በሩን ሲከፍት ከልብ ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በምንላቸው ስፍራዎች ወንበሩን የሚሞላው በአብዛኛው ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ነው። ተማሪው ቦታ ማግኘቱ መልካም ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከትምህርት ቤት ከወጣ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ማንበብ የሚወድ፣ ስላነበበው ግን የሚጨዋወተው ሰው ያጣው ጎልማሳ ነው።

የመጽሐፍ ውይይት መቼ ጠፋ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን የወመዘክር አዳራሽ ብዙ የእሑድ ውይይቶችን አስተናግዷል፣ እኔም ተምሬባቸዋለሁ። ሆኖም መድረክ ሌላ፣ ክብ ሠርቶ መወያየት ሌላ ነው። በሌላ ስፍራ በተገኘሁበት አንድ ውይይት አጠገቤ የተቀመጡ እናት መጽሐፉን በጋዜጣ ለብደው፣ ሦስት ቦታ ላይ ቁራጭ ወረቀት አስገብተውበት መጥተው ነበር። እጃቸውን ደጋግመው ቢያነሡም ድምፅ ማጉያው ሳይደርሳቸው ሰዓቱ አለቀ። በእነዚያ ሦስት ገጾች ላይ ምን ሊሉ እንደነበር አለመስማቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ከመፍቀድ አልፎ ውይይቱን ራሱ ይምራ እላለሁ። የአንድን መጽሐፍ 15 ቅጂ ገዝቶ ለ15 ሰዎች ወደ ቤት ያውስ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች በክብ አስቀምጦ የሚያወያይ፣ ይህም እንደ መደበኛ ሥራው የሚቆጠርለት ባለሙያ ይመድብ። ውይይቱም ጥቂት ገጽ ድምፅ አውጥቶ በማንበብ ቢጀመር እወዳለሁ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት ወገኖቻችን መካከል ከዚያ በኋላ የሚያነቡት አጥተው ንባብ የከበዳቸው አሉ፤ ሌላው ሲያነብ እየተከታተሉ ሐሳባቸውን ለመስጠት ግን ምንም አያንሳቸውም።

ወደ ቤት የወጣ መጽሐፍ አይመለስም የሚለውን ሥጋት አውቀዋለሁ። ነገር ግን ስሙና ስልክ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጥ አንባቢ መጽሐፉን ይዞ ይቀራል ብዬ አላምንም። በአንድ ወረዳ ለስድስት ወር ይሞከርና ከ15ቱ ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጠር።