ስላቁ ለወንበሩ ወይስ ለተቀማጩ?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ስላቅ ተቋሙን ይንካ እንጂ ሰውን በስሙ አይንካ።» አንደኛው ጸሐፊ ሐሳቡን ይደግፋሉ፤ ሁለተኛዋ ይቃወማሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ከቃላቱ ልጀምር፤ ግማሹ ጠባችን ከዚያ ይመጣል። ቀልድ አለ፣ ቧልት አለ፣ ፌዝ አለ፣ ሹፈት አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ነቆራ አለ። የከተማ ልጅ ደግሞ «ሙድ መያዝ» ይላል። ሁሉም ያስቃሉ፤ ሁሉም ግን ስላቅ አይደሉም። በአንድ ሰው አረማመድ ሙድ ቢያዝ ሰውየው ይሸማቀቃል፣ የቀረው ይስቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስላቅ ግን ሳቁን ይዞ ወደ ደንቡ፣ ወደ አሠራሩ፣ ወደ ወንበሩ ይሄዳል።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል እንበል፦ «ውድ ተገልጋያችን፣ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ እኛ አንኖርም። ሁለታችንም የተገኘን ቀን በዓል ስለሆነ ዝግ ነን።» ማን ተሰደበ? ማንም። ግን ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደተባለ ይገባዋል።

ትልቁን ልጥቀስ። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1729 የአየርላንድ ድሆች በችግር ሲያልቁ ስሙን ደብቆ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። የድሃ ልጆች አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለሀብታም ገበታ ይሸጡ ይላል። ዋጋውንና ትርፉን ሁሉ ያሰላል፤ በዚያ ላይ ድምፁ የረጋ ነው፣ ለአገር የሚያስብ ባለሙያ ነው የሚመስለው። አንድም ሹም ስሙን ጠርቶ አልወረፈም። የተከራዩን አጥንት የጋጠ ባለመሬት ግን እዚያ ውስጥ ራሱን አላጣውም።

ስም ሲጠራስ? አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 አቴንስ ላይ ባቀረበው ቴአትር ሶቅራጥስን ቅርጫት ውስጥ አንጠልጥሎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚቀባጥር አታላይ አደረገው። ከ24 ዓመት በኋላ ሶቅራጥስ ፍርድ ቤት ቆመ። ፕላቶ እንደጻፈልን ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ከተቀመጡት ከሳሾች ይልቅ የፈራው ያንን የቆየ ወሬ ነበር። ተመልካቹ ስቆ ቤቱ ገባ፤ ስሙ ግን እንደተበላሸ ቀረ።

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ፣ ማስታወቂያዎ አስቆኛል። ችግሩም እሱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊም ያስቀዋል። ከት ብሎ ስቆ ለጓደኞቹ በስልክ ይልከዋል። «እውነት ነው፣ ተቋማችን ችግር አለበት» ይላል፣ እሱ ራሱ የሌለበት ይመስል። በጀቱን «አሠራር» አልበላውም። የበላው ሰው ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ መኪና አለው።

አሁን ወደ ፓሪስ ልውሰድዎ፣ ወደ 1831። ሻርል ፊሊፖን የተባለ የጋዜጣ ባለቤት ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በሥዕል አዋርደሃል ተብሎ ችሎት ቀረበ። ብዙ አልተጨቃጨቀም፤ አራት ሥዕል ሣለ። የመጀመሪያው ቁርጥ ንጉሡን ነው። ሁለተኛው ላይ ጉንጩ ወደ ታች ዘርጠጥ ይላል። ሦስተኛው ላይ ዓይንና አፍ ለምልክት ያህል ብቻ ቀርተዋል። አራተኛው በቃ ፒር ነው፤ ከላይ ቀጠን፣ ከታች ወፈር ያለ ፍሬ። እንግዲህ ወንጀሉ የቱ ላይ ነው የሚጀምረው? የመጀመሪያው ካስቀጣ ሁለተኛው ይመስለዋል፤ ሁለተኛውን ሦስተኛው ይመስለዋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ፍሬ መሣል ሊከለከል ነው። ዳኞቹ ፈረዱበት። የከተማው ልጅ ግን በየግድግዳው ፒር መሣል ጀመረ። ሠዓሊው ኦኖሬ ዶሚዬም ያንኑ ንጉሥ የድሃውን ገንዘብ የሚውጥ ግዙፍ አድርጎ በመሣሉ በ1832 የ6 ወር እስራት ተፈረደበት። ሁለቱም «አስተዳደሩ» እያሉ በደፈናው ቢሥሉ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያያቸው ነበር?

ኒውዮርክ ላይም የከተማዋን ካዝና ያራቆተው ፖለቲከኛ ዊልያም ትዊድ በካርቱኒስቱ ቶማስ ናስት ብዕር እየተወጋ ነው የወደቀው። ከእስር አምልጦ ስፔን ሲገባ እንኳን በ1876 ተይዟል፤ ያወቁት በካርቱኑ ነው ይባላል። ፊቱ ባይሣል ኖሮ በምን ያውቁት ነበር?

ሶቅራጥስን በተመለከተ፣ የፈረደበት ችሎቱ ነው። ያው አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 የከተማዋን ኃያል ሰው ክሌዎንን ልክ ልኩን ነግሮታል። ለክሌዎን ሲያለቅስ የሰማሁት ሰው የለም፤ እርስዎም አላለቀሱም።

ደጋፊ፦

አላለቀስኩም፤ ክሌዎን የሚመልስበት አቅም ነበረው። ሶቅራጥስ ግን ምን ሥልጣን ነበረው? ብዕሩ አንድ ነው፣ ሁለቱንም ያለልዩነት ነው የወጋው። ስም መጥራት ሲለመድ ኃያሉም ሚስኪኑም አብረው ይመታሉ። መጀመሪያ ደግሞ የሚመታው ሚስኪኑ ነው፤ መክሰስ አይችልማ!

ፒሩን በማንሳትዎ ግን ደስ ብሎኛል። የተሣለው ምኑ ነው? ፖሊሲው? የሰውየው ጉንጭ ነው እህቴ።

ትዊድም እንዳሉት ታሰረ፣ በ1878 እስር ቤት ሞተ። ታማኒ ሆል የተባለው የፖለቲካ ድርጅቱስ? ከእሱ በኋላ ኒውዮርክን ለአሥርት ዓመታት ሲዘውር ኖረ። ሕዝቡ ወፍራሙ ሌባ መያዙን አይቶ ተገላገልኩ አለ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

በ2016 ደግሞ ጀርመናዊው ኮሜዲያን ያን ቦመርማን በቱርክ ፕሬዚዳንት ላይ፣ ሆን ብሎ፣ ብልግና የሞላበት ግጥም በቴሌቪዥን አነበበ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ግጥሙ ሆነ። ስለታሰሩት የቱርክ ጋዜጠኞች ለማውራት ማን ጊዜ ነበረው? ሃምቡርግ ያለ ፍርድ ቤትም አብዛኛው ስንኝ እንዳይደገም ከልክሏል።

ተቃዋሚ፦

ግማሹን ነው የነገሩን። በቦመርማን ላይ ተከፍቶ የነበረው የወንጀል ምርመራ ተዘግቷል። ጀርመን የውጭ አገር መሪን የሰደበ በተለየ የሚቀጣበትን አሮጌ አንቀጽም ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ሰርዛለች። ያ አንቀጽ ከንጉሥ ዘመን የተረፈ ነበር፤ ያነቃነቀው ደግሞ ስም ጠርቶ የተነበበ ባለጌ ግጥም ነው። ግጥሙን አልወደድኩትም፣ ይህንንም አልደብቅም።

ስለ ጉንጩ ልመልስ። በፓሪስ ጉንጩ የተንጠለጠለ ሰው ሁሉ አልተሣቀበትም። የተሣቀው ያንን ፊት ይዞ ዙፋን ላይ በተቀመጠው ነው። የጎረቤት ጉንጭ ቢሆን ኖሮ እኔም ሹፈት እለው ነበር። ስለዚህ የእኔ መስመር እንዲህ ነው፦ ሥልጣን ያለውን፣ ስሙን ጠርቶ፣ በሠራው ሥራ። ሚስኪኑን በፍጹም። ታማኒ ሆልን ደግሞ ትዊድን ከያዙ በኋላም መሣል ይቻል ነበር፤ ማን ከለከለ?

ደጋፊ፦

እሺ፣ ሹሙ ከወንበሩ ሲወርድስ? እንደ ማንኛውም ሰው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ልጆች በዚያው ስም ሲጠሩት፣ ያኔ ምን ይላሉ?

ተቃዋሚ፦

የወሰደውን መልሶ ከሆነ፣ ልጆቹን እኔው ራሴ ዝም አሰኛለሁ።