የ«መጨረሻው ስንት ነው?» ጀግኖች

ጀርመን አገር ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ኩሽና የቤቱ አካል ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አይደለም። ተከራዩ ሲለቅ ምድጃውንም፣ የዕቃ ማጠቢያውንም፣ ቁም ሳጥኑንም ነቅሎ ይዞ ይሄዳል። አዲሱ ተከራይ በሩን ሲከፍት የሚጠብቁት ከግድግዳ የወጣ ቧንቧና ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሽቦ ናቸው። አምፖል እንኳ የለም። ስለዚህ አዲስ ገቢው ሐበሻ ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ክላይንአንጻይገንን ስልኩ ላይ ይጭናል።

ድሮ ኢቤይ ክላይንአንጻይገን ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኢቤይ» የሚለው ወደቀና ክላይንአንጻይገን ብቻ ቀረ። ጀርመን የሰለቸውን፣ የጠበበውን፣ ከፍቺ የተረፈውን ዕቃ ሁሉ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ስልክ ውስጥ የገባ ምናለሽ ተራ በሉት። ልዩነቱ፣ እዚህ ሻጩ ብሎኖቹን በላስቲክ አስሮ፣ ቁጥር ጽፎባቸው፣ ፎቶ አንስቶ ያሳያችኋል።

ለዚህ ገበያ የኛ ሰው ያበረከተው አስተዋጽኦ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ግፍ ነው። እስቲ እኔ ላመስግን።

መጀመሪያ የሚደነቀው የአነጋገሩ ቁጥብነት ነው። ጀርመኑ ማስታወቂያ ሲጽፍ የሚያስቀረው ነገር የለም። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ። በግራ በኩል ከታች ትንሽ ጭረት አለ። ቤታችን ውስጥ ሲጋራ አይጨስም፣ ድመትም ውሻም የለም። መጥቶ ለሚወስድ ብቻ፣ አንልክም። ሽያጩ የግል ስለሆነ ዋስትና የለም፣ መመለስ የለም። (ይቺን የመጨረሻዋን ለጌጥ አይጽፋትም። ካልጻፋት የሸጠው ዕቃ እንከን ሲገኝበት ሕጉ ሊጠይቀው ይችላል።) ከዚያ «ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር» ብሎ ይዘጋል። ምስኪን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶበታል።

ጀግናችን ግን በአንድ መስመር ይመልስለታል። «መጨረሻው ስንት ነው?»

ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ዕቃውን አላየውም፣ ማስታወቂያውንም አላነበበውም። ማንበብ ለደካሞች ነው።

ከዋጋው ጎን «ፋው ቤ» የሚል ካለ ሻጩ ለድርድር ክፍት ነው ማለት ነው። ጀርመኑ እንዲህ ሲል 80 ዩሮ ያለውን በ75፣ ግፋ ቢል በ70 ለመስጠት አስቦ ነው። የኛ ሰው ግን መርካቶ ያሳደገው ነው። ከግማሽ በታች ካልጀመረ የተበላ ይመስለዋል። ዓይኑን በጨው አጥቦ «25» ይላል። «ፌስትፕራይስ» ተብሎ ቁርጥ ዋጋ ቢጻፍስ? እሱ ደግሞ ማሟሻ ነው። «ተማሪ ነኝ» ይላል። ዕድሜው አርባ ሦስት ነው። ለሚቀጥለው ሻጭ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ይሆናል። ልጅ የለውም።

ጥበቡ ጎልቶ የሚታየው ግን በነፃ በሚሰጠው ዕቃ ላይ ነው። መተግበሪያው ላይ ለዚህ የተለየ ክፍል አለ፣ ሰው «ኑና ውሰዱልኝ» የሚልበት። ከዜሮ በታች መደራደር አይቻልም የሚል ካለ ጀግናችንን አያውቀውም። «ቤት ድረስ ታመጣልኛለህ?» ይላል። ሻጩ (ይቅርታ፣ «ሰጪው» ልበል እንጂ) መኪና የለኝም ሲለው ይቀየማል። «ታዲያ ምን ሊረባኝ?»

ቀጠሮ አከባበሩን ሳላነሳ ባልፍ ኃጢአት ነው። አንዲት ጡረተኛ እናት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በ50 ዩሮ አውጥተዋል እንበል። ጀግናችን «ዛሬውኑ እወስደዋለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ» ብሎ ይጽፋል። ቅዳሜ ጠዋት ለአሥር ሰዓት ይቀጣጠራሉ። እሳቸው ጎረቤት ለምነው ማሽኑን ከምድር ቤት ወደ በሩ ያስወጣሉ። ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ ቱቦውን በፕላስተር አስረው፣ መመሪያውን ከላዩ ያስቀምጣሉ። የ2011 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ ከነደረሰኙ። በዚህ መሐል ለጻፉላቸው ሌሎች ሰዎች ሁሉ «ይቅርታ፣ ተይዟል» እያሉ ይመልሳሉ።

አሥር ይሆናል። አሥራ አንድ ይሆናል። የበላው ጅብ አልጮኸም። ማታ ላይ ስልካቸው ጢን ይላል።

«አሁንም አለ?»

ጠዋት የት ነበርክ ቢሉት «በኛ ሰዓት አቆጣጠር መስሎኝ ነው» ይላል። በኛማ ቢሆን ከቀኑ አሥር ሰዓት መድረስ ነበረበት። ያኔም አልደረሰም።

ሐቀኛ ለመሆን፣ የሚመጡም አሉ። በ2023 በወር አንዴ ተከፍሎ አገሩን ሁሉ የሚያዞረው የጀርመን ትኬት ከወጣ ወዲህ ደግሞ ርቀት የሚባል ነገር ቀርቷል። አንዴ ለወሩ ከከፈሉ አይቀር ብለው ለአሥር ዩሮ ልዩነት ማንሃይም ያለውን የቡና ማሽን ትተው ካስል ድረስ ይሄዳሉ። ትኬቱ በፈጣኑ ባቡር ስለማያሳፍር በየመንደሩ እየቆሙ፣ ግማሽ ቀን። ደርሰው በሩን ሲያንኳኩ በጽሑፍ የተስማሙበት ዋጋ ያበቃለታል። «የመንገዴን አስብልኝ እንጂ!» ይሄ አልሠራ ካለ ኪሳቸውን ገልብጠው ያሳያሉ። «የያዝኩት ይቺኑ 40 ብቻ ነው።» ሌላዋ ሃያ በግራ ካልሲ ውስጥ እንዳለች ማን ያያል?

በርግጥ ጥያቄውን ብቻችንን አልፈጠርነውም። በተሰባበረ ጀርመንኛ የሚጠየቀው «መጨረሻ ዋጋ» እዚህ አገር የታወቀ ቀልድ ነው፤ ቱርኩም፣ ዐረቡም፣ ጀርመኑም ራሱ ድርሻ አላቸው። እኛ የተረከብነውን አላስነወርንም፣ እሱ ነው ቁም ነገሩ። ፍሬውም እየታየ ነው። ዛሬ ማስታወቂያ የምታነቡ ከሆነ መጨረሻው ላይ «የመጨረሻ ዋጋ ለሚጠይቅ መልስ አልሰጥም» የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ በአራት ቃለ አጋኖ ይጽፈዋል። ትናንት የገባው ልጅ ደግሞ በመዝገበ ቃላት ታግዞ፣ «የተከበሩ እመቤት» ብሎ ጀምሮ፣ ዋጋው ላይ ሳንቲም ሳይነካ ሲጽፍ፣ ስሙን ያየች ሻጭ «ተሽጧል» ትለዋለች። ማስታወቂያው ለሁለት ሳምንት እዚያው ይቆያል። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ይበላል። መንገድ የጠረገለትን ታላቅ ወንድሙን አያውቀውማ።

መተግበሪያው ገዢና ሻጭ ስለ ትሕትናና ስለ ታማኝነት ነጥብ እንዲሰጣጡ ያደርጋል። ጀግናችን ነጥቡ ሲወርድበት ምን ያደርጋል? በሌላ ኢሜይል አዲስ አካውንት ይከፍታል። ሰው በስንቱ ይቃጠላል!

አሁን ደግሞ ተራው ደርሶ ራሱ ሻጭ ሆኗል። ሶፋውን አውጥቶታል። ከስድስት ዓመት በፊት በ500 የገዛውን በ450። ርዝመቱ አልተጻፈም፣ ስፋቱም አልተጻፈም። ፎቶው አንድ ነው፣ ማታ የተነሳ፣ ጥግ ላይ የሰው እግር ይታያል። «ብዙም አልተቀመጥንበትም» ይላል ጽሑፉ፤ ሶፋው መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። ዋጋው ፌስትፕራይስ ነው። ክላይንአንጻይገን ላይ ሳምንት ሙሉ ጠያቂ ሲጠፋ በከተማው የሐበሾች ቴሌግራም ላይም ለጠፈው፤ እዚያ በአማርኛ አንዲት መስመር ጨምሮበታል።

«የምር ገዢ ብቻ ይጻፍልኝ፣ ከሚቀልድ ሰው ጋር ጊዜ የለኝም።»