ኮፒ ፔስት ይለምልም!

ኮንትሮል ሲ እና ኮንትሮል ቪ የሚባሉትን ሁለት ቅዱሳን ቁልፎች ያላመሰገነ የቢሮ ሠራተኛ ደሞዙ አይባረክ።

ሪፖርት መሥራት ድሮ ሥራ ነበር። አሁን የዓምናው የኤክሴል ፋይል ይከፈታል፣ ሁሉም ይገለበጣል፣ አዲሱ ላይ ይለጠፋል፣ ርዕሱ ላይ 2015 የነበረው 2016 ይሆናል (ይህችንም የሚረሳ አለ፤ አይፈረድበትም፣ ማን ሊያነበው!)፣ ሦስት ወር የተያዘለት ሥራ ከቁርስ በፊት ያልቃል። የተረፈው ጊዜ ለማኪያቶ ነው።

ፎርሙላ ሲገለበጥ አንዱ ሴል ቦታውን እንዳይለቅ የዶላር ምልክት ይደረግበታል ይባላል። ዶላር ከየት ይምጣ? እናም የኛ ጀግና የደሞዝ ሺቱን ያለ ዶላር ወደ ታች ይጎትተዋል። ፎርሙላው የጡረታው 7 በመቶ ከተጻፈበት ሴል እየተንሸራተተ ባዶ ሴል ላይ ያርፋል፣ ባዶ ደግሞ ዜሮ ነው፣ የሁሉም ጡረታ ዜሮ ሆኖ ይወጣል። የሚቆረጥበት ስሙ በ"ሀ" ጀምሮ ዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው ምስኪን ብቻ ነው።

ፈረንጅም ቢሆን አይሻልም። ትራንስአልታ የሚባል የካናዳ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በ2003 እ.ኤ.አ. በአንድ የኮፒ ፔስት ስህተት 24 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። እነሱማ ዶላሩ አላቸው።

እኔ ግን ከሁሉም የማደንቀው ጎታቹን ነው፤ የሴሏን ጥግ ይዞ ሽው ወደ ታች የሚያደርጋትን። በ2016 መስክ ወጥተን ሳለ አንድ ልጅ አቴንዳንስ ሲያዘጋጅልን "መስከረም 1" ብሎ ጻፈና ጎተተ። ኤክሴል የኛን ወር የት አውቆ! ቁጥሩን ብቻ እየጨመረ 30ን አለፈና መስከረም 31 ደረሰ። ልጁ እዚያ ላይ እጁን አነሳ። ሁላችንም ከላይ እስከ ታች ፈረምን (እንቁጣጣሽንም ሠርተናል ማለት ነው)፣ አበሉም ያለ አንድ ጥያቄ ተከፈለን። ጥቅምት 1 በሌላ ሺት ስለነበረች የእሷም ለብቻ ተከፈለን።

ኋላ ኦዲተሩ መጣና ጣቱን መስከረም 31 ላይ አድርጎ "ይኼ ደግሞ ምን ቀን ነው?" አለው።

ልጁ ጎን ያለውን ሴል አየት አደረገና "ሐሙስ ነው፣ ጋሼ" አለ።