አንድ ልጅ፣ ሁለት ፊርማ

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እዚህ ነታንያ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ረከቦቱ አጠገብ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። የአባትየው ፊርማ አለበት። የእናትየው ቦታ ባዶ ነው።

እስራኤል ውስጥ የውትድርና ግዴታ ያለበት ልጅ 18 ሲሞላው ወታደር ቤት ይገባል፤ ወላጅን የሚጠይቅ የለም። ለቤቱ አንድ የሆነ ልጅ ግን ተዋጊ ልሁን ካለ እናትም አባትም መፈረም አለባቸው። ካልፈረሙ ተዋጊ ያልሆነ ሥራ ላይ ይመደባል። የነሱ ልጅ ደግሞ አንድ ነው። ከ«ክራቪ»፣ ከተዋጊነት ማለት ነው፣ ሌላ አልሰማም ብሏል።

«ፈርሚለትና ይገላገል» አለ አባት። «እኔ በ1984 በእግሬ ሱዳን ስገባ ከሱ አንስ ነበር። እናቴን ማን አስፈረማት?»

«እናትህማ አብራህ እየሄደች ነበር» አለች ሚስቱ። «እኔን ምልምሎቹን የሚወስደው አውቶቡስ ያሳፍረኛል?»

መልስ አጣ።

ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ቀበል አደረጉ። ወንድማቸውን በደርግ ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና፣ ከገበያ አፍሰው ነው የወሰዱት። አንዱ ሊያጽናና ፈልጎ «እንግዲህ እማማ፣ እዚህ እንኳ ይጠይቃሉ፤ ይሄ ይሻላል» አላቸው።

«ምኑ ነው የሚሻለው? እናቴ መንግሥትን ረግማ ወጣላት። ይቺ ማንን ትርገም? እጇን?»

ከውትድርና በቅርቡ የተሰናበተ አንድ ወጣት አልተዋጠለትም። ልጁ በሙሉ ልቡ ይሂድ፣ ዩኒፎርሙን ሲለብስ ከማንም እኩል ነው አለ። ሌላው ወዲያው «በ2015 ሆሎን ላይ ፖሊስ የደበደበው የኛ የሐበሻ ልጅ የወታደር ዩኒፎርም ለብሶ አልነበር እንዴ?» ሲለው ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሄደ። ያንን ክርክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ልዝለለው።

ልጇ ተዋጊ የሆነ አንዲት ሴት እስካሁን ዝም ብላ ቆሎ ስትቆረጥም ነበር። «እኔ ፊርማም አልተጠየቅኩ» አለች። «አንዳንዴ ሁለት ሻባት ቤት ሳይመጣ ካምፕ ይቀራል። ሲመጣ ከረጢቱን ወለሉ ላይ ዘርግፎ ይተኛል። ካልሲው አሸዋ ብቻ ነው። ልብሱን ማሽን ውስጥ ከመክተቴ በፊት አሸተዋለሁ። ጅል በሉኝ።» ማንም አልሳቀም።

እናትየው ዓይኗ እንባ ሲያቀር ባሏ «ኧረ ተይ! ሳይሄድ አታሟርቺበት» አላት። ሁለት ሦስት ሰው «እውነት ነው፣ ለሚሄድ ሰው ይመረቃል እንጂ አይለቀስም» ብሎ አገዘው።

እኔ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነው። እሷ ደግሞ አታነብም። «ማን አነበበልሽ?» አልኳት።

«እሱ ነዋ! ማን አለኝ?»

በኛ ቤቶች የመብራት ሂሳብ የሚያነበው ልጅ ነው። የሐኪም ወረቀትም እሱ ነው። ይሄው ልጅ አንዴ፣ ከክፍል እየጠፋ ስላስቸገረ ወላጅ ይምጣ የሚል ደብዳቤ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ ተርጉሞላታል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች።

«ያኔም አውቄበታለሁ» አለች። «ይሄንንም ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ቃሉን ብዬ አይደለም፣ ፊቱን ልየው ብዬ ነው። አንዲት ቦታ ላይ ድምፁ ሰለለ።»

የቷ ቦታ እንደሆነች አልነገረችንም።

ትፈርም አትፈርም ብዬ አልፈርድም፤ የኔ ልጅ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፣ አፌ አይደፍርም። በባሏ ግን እፈርዳለሁ፣ በአጋዦቹም። እንቢ ማለት የምትችል ሴት ፈርሚ እየተባለች ነው፤ እንባዋን ደግሞ ሟርት ነው ብሎ መቀማት ግፍ ነው። ለነገሩ ሰውዬውም ጀግና መስሎ ነው እንጂ ከአቦል እስከ በረካ ስኒውን አልነካም። አይቼዋለሁ።

ከፈረመች፣ ልጁ የሚገባ ቀን ባኩም፣ ምልምሎች የሚገቡበት ካምፕ፣ በሩ ድረስ በመኪናዬ አደርሳቸዋለሁ ብያለሁ። ባልየው ከፊት ከኔ ጋር ይቀመጣል። እናትና ልጅ ከኋላ። መስታወቱን ወደ ላይ አዞረዋለሁ።