ሲሮጥ የወደቀን ወጣት ወደ ሜዳ አትመልሱት

የሐዋሳ ወገኖቼ ሆይ፣ ማልዶ ታቦር ተራራን የሚወጣና አመሻሽ ላይ ኳስ የሚጫወት ወጣት በከተማችን መብዛቱ የሚያስደስት ነው፤ ከእነዚህ ልጆች አንዱ በሩጫ ላይ ሳለ ራሱን ስቶ ሲወድቅ የምናደርገው ነገር ግን ተግሳጽ ይገባዋል። ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን፣ ፊቱ ላይ ውኃ እንረጫለን፣ ዐይኑን ሲገልጥም «ምች ነው» ወይም «ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው» እንባባላለን፤ እሱም አፍሮ አቧራውን አራግፎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ ድርጊት ልጅ የሚያስቀብር ቸልተኝነት ነው። በጾም ደክሞ፣ ረጅም ሰዓት ቆሞ የወደቀ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እየሮጠ የወደቀ ግን ልቡ ሳይመረመር መሮጥ የለበትም።

የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው ከዋናው የደም ቧንቧ ሥር በሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ የእነዚህ ቧንቧዎች አነሣስ ወይም አካሄድ ከተለመደው የተለየ ሆኖ ይወለዳል፤ አብዛኛውም ምንም ሳይሆን ይኖራል። የሚያሰጋው በተለይ የግራው ቧንቧ ከቀኙ በኩል ተነሥቶ በዋናው የደም ቧንቧና ደም ወደ ሳንባ በሚወስደው ቧንቧ መካከል ሲያልፍ ነው፤ ልብ ብዙ ደም በምትሻበት በሩጫ ሰዓት መነሻው የጠበበው ቧንቧ ይታፈንና ምቷ ሊዘበራረቅ ይችላል። ታዋቂው አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፒት ማራቪች የግራው ቧንቧ ጨርሶ እንዳልነበረው የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በ40 ዓመቱ ሲጫወት ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ «ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥቶ ደኅና ነው ተብሏል» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ተኝቶ የሚነሣ ኢሲጂ ይህን ችግር ብዙ ጊዜ አያሳይም። ለሐኪሙ «ሲሮጥ ነው የወደቀው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የልብ አልትራሳውንድ ሲነሣም የቧንቧዎቹ መነሻ ተለይቶ እንዲታይ ጠይቁ፤ አጠራጣሪ ከሆነ የሚያረጋግጠው የልብ ቧንቧዎች ሲቲ ስካን ነው። ወጪው ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ለድንኳንና ለንፍሮ የሚያዋጣ ዕድር ለአንድ ልጅ ምርመራ ማዋጣት ሊያቅተው አይገባም።

አሠልጣኞች፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመውን ልጅ «ሰነፍ» ማለት ተዉ፤ አስቁሙት፣ ወደ ሐኪምም ላኩት። የወደቀው ልጅ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው መዳፎቹን ደራርቦ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫን፣ ሲደክመውም ሌላ ሰው ይተካው፤ ልጁ እስኪነቃ ወይም የሕክምና ባለሙያ እስኪረከበው ድረስ አታቋርጡ።